የሰሜን ሳር በመስከረም ዋዜማ ይዘራል

ኤፕሪል ላይ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ፣ በሚኒሶታ ያሉ ትልልቅ የቤት ዕቃ መደብሮች ደጃፋቸውን በሳር ዘርና በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላሉ። የብርዱን ወራት ቤት ተዘግቶበት የከረመ ሰው ፀሐይ ሲያይ እጁን አፈር ውስጥ መክተት ያምረዋል፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሳሩ የሚከተለው አቆጣጠር ግን ከመደብሩ ጋር አይገጥምም። በዚህ አገር ሳር ለመዝራት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው አንድ ወር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 9 እስከ መስከረም 5 ገደማ መሆኑ ነው። የሰሜን ሳር ዓመቱን የሚጀምረው ከእኛ ጋር ነው ማለት ይቻላል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ይህ ጽሑፍ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ቤት ገዝተው፣ ከቤቱ ጋር ግቢም ለተረከቡ ሰዎች የታሰበ ነው። በአካባቢው የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ጓሮው ላይ ጎመንና በሶብላ የሚያበቅልም ሞልቷል። ሳር ግን ብዙዎቻችን ያልለመድነው ሥራ ነው። አገር ቤት ሳር ራሱ ይበቅላል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ለበዓል ቄጤማ ተገዝቶ ይጎዘጎዛል። ዘርቶ፣ አጠጥቶ፣ አጭዶ ለዓይን ብቻ ማኖር የጥቂት ግቢዎች ጉዳይ ነበር። እዚህ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ከተሞች የሳሩ ቁመት ከ8 ኢንች ካለፈ ከከተማው አስተዳደር ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ዝም ከተባለም አስተዳደሩ ራሱ አሳጭዶ ሂሳቡን ለባለቤቱ ሊልክ ይችላል።

ደገኛና ቆለኛ

የሳር ዘር ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ እህላችን ደጋ የሚስማማውና ቆላ የሚስማማው አለ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና በቆሎ በዕፅዋት ሊቃውንት አከፋፈል ሁሉም የሳር ወገን ናቸው። ገብስና ስንዴ ብርድ ይችላሉ፤ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ጤፍ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ውርጭ ሲመታቸውም አይነሡም። ልዩነቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር በሚወስዱበት መንገድ ላይ ነው። ሙቀት የሚወዱት ጋዙን ቅጠላቸው ውስጥ አስቀድመው የሚያከማቹበት ተጨማሪ ዘዴ ስላላቸው ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይፈጥናሉ። ብርድ የሚወዱት ይህ ዘዴ የላቸውም፤ ሙቀቱ ሲያይል ከሠሩት ምግብ ከፊሉን ያባክኑታል፣ ቀዝቀዝ ሲል ግን ቀዳሚ ናቸው።

የሚኒሶታ የግቢ ሳር ከገብስ ጎራ ነው። ቅጠሉ በደንብ የሚያድገው አየሩ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ነው። ሥሩ ደግሞ አፈሩ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ እያለ ይሰዳል። በቴክሳስና በጆርጂያ ግቢዎች የሚዘራው ቤርሙዳ ግን ቆለኛ ነው፤ እንዲያውም አገር ቤት ሰርዶ የምንለው ሳር ነው። ስለዚህ ዳላስ ወይም አትላንታ ያለ ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር፣ የእሱ ግቢ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሚኒሶታ ላይ አይሠራም። እሱ ግንቦት ላይ ይዘራል፣ ሳሩም በጁላይ ፀሐይ ይፈነጥዛል። እዚህ ቤርሙዳ የዘራ ሰው በሚቀጥለው ኤፕሪል የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው።

ጁላይ ላይ ግቢዎን የሚወርረው ክራብግራስ የተባለው ሰፊ ቅጠል ያለው አረምም ቆለኛ ነው። የዘሩት ሳር ሙቀቱ አድክሞት ሲተኛ፣ እሱ የሚያብበት ወቅቱ ስለሆነ በክፍተቱ ይገባል። የመጀመሪያው ውርጭ ሲወድቅ ራሱ ይሞታል፤ ዘሩን ግን አፍስሶ ነው የሚሄደው።

ከደገኞቹ መካከል በሚኒሶታ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ኬንታኪ ብሉግራስ የተባለው በብዙ ግቢ ያለው ነው። ስሙ ኬንታኪ ይበል እንጂ ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር የመጣ ሳር ነው። ከመሬት በታች ግንድ እየሰደደ ስለሚስፋፋ የተጎዳውን ቦታ ራሱ ይሞላል፤ ብርድም በጣም ይችላል። ፀሐይ ግን ይፈልጋል፣ ለመብቀልም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ፐረኒያል ራይግራስ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፣ በዚህም ምክንያት ርካሽ ድብልቆች ውስጥ ይበዛል፤ ከሦስቱ ብርድ የማይችለው ግን እሱ ነው። ፋይን ፌስኪው የሚባሉት ቅጠላቸው እንደ ክር የቀጠነ ሣሮች ጥላ ይችላሉ፣ ማዳበሪያና ውሃም ብዙ አይሹም፣ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ማጨዱም ይቀንሳል። ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ሜዳ ካልሆነ በቀር እኔ ብጠየቅ ፌስኪው የሚበዛበትን ድብልቅ እመርጣለሁ። የሳር ውድድር ያለበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ምክር ላይጥም ይችላል፤ የፌስኪው ውበት ሸካራ ቢጤ ነው።

ከረጢቱን ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ። የእያንዳንዱ ዘር ድርሻ በመቶኛ፣ ከመቶው ስንቱ እንደሚበቅል፣ የአረም ዘሩ መጠንና የተመረመረበት ቀን ተጽፎበታል። ፊት ለፊት ያለውን አረንጓዴ ሥዕል ብቻ አይቶ መግዛት ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ነው። የበቀለ ሳር ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ሶድ ይባላል፣ ይወደዳል፣ ብዙውን ጊዜም ብሉግራስ ነው። ዳገት ላይ አፈሩ በዝናብ ለሚታጠብ ግቢ ገንዘቡ ይክሳል።

ዘር ለምን በነሐሴ መጨረሻ

ኦገስት ሲጋመስ አፈሩ የሙቀት ወራትን ሙቀት ይዟል፣ አየሩ ግን መብረድ ጀምሯል። ዘር ለመብቀል የሞቀ አፈር ይፈልጋል፣ የበቀለው ደገኛ ሳር ደግሞ ቀዝቃዛ አየር። ሁለቱ የሚገናኙት በዚህ ወር ነው። ሌሊቱ እየረዘመ ጤዛው ስለሚበዛ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ክራብግራስን የመሳሰሉት አረሞች ዕድሜያቸው እያለቀ ነው፣ አዲስ የሚበቅልም ጥቂት ነው። ኤፕሪል ላይ ግን ሁሉም ተቃራኒ ነው፤ አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ዘሩ ይዘገያል፣ ሲበቅል አረሙ አብሮት ይበቅላል፣ ሥሩ ጠልቆ ሳይገባ የጁላይ ሙቀት ይደርስበታል። በፀደይ የተዘራ ሳር አይበቅልም ማለት አይደለም፤ ውሃና ልፋቱ ብዙ ነው፣ ትርፉ ግን ትንሽ።

ከመዝራትዎ በፊት አፈሩ ይመርመር። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሴንት ፖል ባለው የአፈር መመርመሪያ ላቦራቶሪው ከሕዝብ ናሙና ይቀበላል፤ ከግቢው የተለያየ ቦታ የተወሰደ ትንሽ አፈር አደባልቆ መላክ ነው። ውጤቱ አሲድነቱን፣ ፎስፎረሱንና ፖታሲየሙን ይነግርዎታል። የአካባቢው አፈር በየሰፈሩ ይለያያል። ከሚኒያፖሊስ ሰሜን አኖካ ካውንቲ ላይ አሸዋ ይበዛል፣ ውሃ አይይዝም። ሌላው ዘንድ ዋልካ የመሰለ ከባድ አፈር አለ፤ በተለይ አዲስ በተሠሩ ቤቶች ግቢ ማሽን ደጋግሞ ስለሄደበት እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። እንዲህ ላለው መሬት ጣት የሚያህል አፈር እየነቀለ የሚያወጣ የመብሻ ማሽን በቀን ሂሳብ ይከራያል። ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ አንድ ቀን መከራየት የተለመደ ነው። የወጣውን አፈር እዚያው ይተዉት፤ ዝናብ ያሟሟዋል።

አዘራሩ ላይ ሁለት ነገር ይወስናል፤ ዘሩ አፈር መንካቱና አለመድረቁ። አሮጌ ሳር ላይ እንዲሁ የተበተነ ዘር የወፍ ቀለብ ነው። ያለውን ሳር በጣም አሳጥረው ይጨዱ፣ ሬክ በሚባለው መጫሪያ ጠንከር አድርገው ይጫሩት፣ አፈር ይታይ፤ ከዚያ ዘሩን ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየሄዱ ይበትኑት። ለባዶ መሬት በ1,000 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም በ93 ካሬ ሜትር፣ ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ብሉግራስ ይበቃል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በአንድ ፓውንድ ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ። የፌስኪው ዘር ተለቅ ስለሚል ዕጥፍ ገደማ ያስፈልጋል። ዘሩ ከሩብ ኢንች በላይ አይቀበር። አብዝቶ መዝራት አይጠቅምም፤ ተጨናንቆ የበቀለ ሳር ደካማ ነው፣ በሽታም ይቀናዋል።

ውሃው ደግሞ እስኪበቅል ድረስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በትንሹ። ላዩ እርጥብ ሆኖ ይቆይ እንጂ ኩሬ አይሁን። ከበቀለ በኋላ ቀስ በቀስ ድግግሞሹ ይቀንስና መጠኑ ይጨምር፣ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች እንዲሄድ። ብሉግራስ የዘራ ሰው በአሥረኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ማጠጣት ያቆማል፤ ብዙው ዘር የሚሞተው በዚህ ነው።

ጊዜው ካለፈዎት ኦክቶበር ላይ አይዝሩ፤ በቅሎ ሳይጠነክር ብርዱ ይይዘዋል። እስከ ኖቬምበር ይታገሡ። አፈሩ ቀዝቅዞ ዘር ማብቀል ሲሳነው፣ በረዶ ሳይሸፍነው በፊት የተዘራ ዘር ተኝቶ ይከርማል። መሬቱ ሲረጋና ሲቀልጥ እየተሰነጣጠቀ ዘሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ በፀደይ አፈሩ እንደሞቀ ራሱ ይበቅላል። ዝናብ የሚያጥበው ዳገት ላይ ግን አይሆንም።

ከዳፕ እስከ ዜሮ

ማዳበሪያ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ ዳፕና ዩሪያን ለብዙ ዓመታት ተጠቅሞባቸዋል። ከረጢት ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሽ ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይናገራሉ። ዳፕ 18-46-0 ነው፣ ዩሪያ 46-0-0። ሚኒሶታ ውስጥ ለግቢ ሳር በሚሸጠው ከረጢት ላይ ግን የመሃሉ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ዜሮ ነው። ይህ የሕግ ትእዛዝ ነው። በ2004 በመንትዮቹ ከተሞች፣ ማለትም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ፣ በ2005 ደግሞ በመላው ስቴት፣ ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ በግቢ ሳር ላይ መጠቀም ተከለከለ። አዲስ ሳር የሚዘራ ሰውና በአፈር ምርመራ እጥረት የተገኘበት ብቻ ይፈቀድለታል። ምክንያቱ ሐይቆቹ ናቸው። ስቴቱ ስፋታቸው 10 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆኑ 11,842 ሐይቆች አሉት፤ ከግቢ በጎርፍ ታጥቦ የሚገባ ፎስፎረስ ውሃው ላይ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ዓሣ ይሞታል። አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ላይ የፈሰሰ ማዳበሪያን ጠርጎ ማንሣትም በዚሁ ሕግ ግዴታ ነው። የታጨደ ሳርና የወደቀ ቅጠልም ፎስፎረስ ስላላቸው ወደ መንገድ መጥረግ አይገባም፤ የመንገድ ዳር ቱቦው የሚያደርሰው ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ማዳበሪያ የሚያደርግ ሰው ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ያድርገው። ሳሩ ከሙቀቱ ተነሥቶ ሥር የሚሰድበትና ለብርዱ ስንቅ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ልኩ በ1,000 ስኩዌር ፊት አንድ ፓውንድ ንጹሕ ናይትሮጅን ነው። ከረጢቱ 25-0-5 ቢል ከመቶው 25 ናይትሮጅን ስለሆነ 4 ፓውንድ ማዳበሪያ ይበቃል ማለት ነው። ኤፕሪል ላይ ቀድሞ የሚደረግ ብዙ ናይትሮጅን ቅጠሉን ያስፈነጥዘዋል፣ ሥሩን ግን አይረዳም፤ ውጤቱም በየአራት ቀኑ ማጨድ ነው።

የብርዱ ወራት

አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው። ሚኒያፖሊስ በጁን 15 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበራል፣ በዲሴምበር ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። ደገኛ ሳር ይህን ያነባል። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ማደጉን እየተወ ስኳር ያከማቻል፣ ከሕዋሶቹ ውስጥ ያለውንም ውሃ ይቀንሳል፤ ስኳር የበዛበትና ውሃ ያነሰበት ሕዋስ በቀላሉ አይረጋም። ሕይወቱ ያለችው ቅጠሉና ሥሩ በሚገናኙበት፣ መሬቱ ልክ ላይ ባለች ነጭ እምብርት ውስጥ ነው። ቅጠሉ ቢደርቅ እምብርቷ ከተረፈች ሳሩ አለ።

ሰው የሚፈራው በረዶውን ነው። የጃንዋሪ ሌሊት በአማካይ ወደ 9 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 13 ሴልሺየስ ገደማ በሚወርድበት አገር ግን ሳሩን ከብርድ የሚጠብቀው በረዶው ራሱ ነው። በመካከሉ የተያዘው አየር ብርዱን ስለሚያግድ ከሥሩ ያለው አፈር ከላይ ካለው አየር በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። በረዶ ሳይጥል ነፋስ ብቻ የሚነፍስበት ዓመት ይብሳል፤ ሥሩ ከረጋ አፈር ውሃ መሳብ ሳይችል ቅጠሉና እምብርቱ ይደርቃሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማርች ላይ ነው። ቀን ይቀልጣል፣ እምብርቷ ውሃ ትጠጣለች፣ የብርድ መከላከያዋን ትለቃለች፣ ሌሊት በድንገት ሲረጋ ውስጧ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይቀዳታል። ውሃ የሚተኛባቸው ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች በየዓመቱ ባዶ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ደጋግሞ ከመዝራት አፈር ጨምሮ ማስተካከል ይቀላል። ራይግራስ በዚህ ጊዜ ይረግፋል፣ ብሉግራስ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

በረዶው ሲሄድ ሳሩ ላይ ክብ ክብ የሆነ፣ ግራጫ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው የተጣበቀ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ። በበረዶ ሥር የሚያድግ ሻጋታ ነው። ግራጫው ለመብቀል ረጅም ጊዜ የቆየ በረዶ ይፈልጋል፣ ሮዙ ያለ በረዶም በእርጥበትና በቅዝቃዜ ይመጣል። መድኃኒት አያስፈልግም፤ መሬቱ ሲደርቅ በቀስታ በሬክ ማላቀቅ፣ አየር ማስገባት ነው። የሚከላከሉት በኦክቶበር ነው፦ ሳሩ ማደጉን እስኪያቆም ማጨድ፣ የመጨረሻውንም ወደ 2 ኢንች ተኩል ማሳጠር፣ የወደቀውን ቅጠል ማንሣት ወይም በማጨጃው እየደጋገሙ ማድቀቅ። ከመኪና መንገዱ የተዛቀ በረዶም አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይከመር።

እንደ ቦይ የተጠማዘዘ መንገድ ሳሩ ላይ ካገኙ ደግሞ የሜዳ አይጥ ነው። በበረዶው ሥር ተደብቆ ቅጠሉን ሲበላ ይከርማል። እምብርቱን ብዙ ጊዜ ስለማይነካ ሳሩ ሜይ ላይ ይሞላዋል።

ጨው የጎዳው ቦታ ግን አይሞላም። በእግረኛ መንገድ ዳር ያለው ሳር በየዓመቱ የሚሞተው በብርድ ሳይሆን እኛው በምንበትነው ጨው ነው። የስቴቱ የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚለው 12 አውንስ የሚይዝ አንድ የቡና ኩባያ ጨው ለ20 ጫማ የመኪና መግቢያ ይበቃል። የመንገዱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከወረደ ተራው ጨው ብዙም አይሠራም፤ ያኔ አሸዋ ይሻላል። የተጎዳውን ዳር ኤፕሪል ላይ ደህና አድርጎ በውሃ ማጠብ ጨውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ለዚያ ቦታም ጨው የሚችል የፌስኪው ዝርያ ይመረጣል።

ማስታወስ የሚገባ አንድ ነገር ከሳሩ ይልቅ ቤቱን ይመለከታል። ከውርጭ በፊት የውሃ ጎማውን ከውጭ ቧንቧ ይንቀሉ፣ ውሃውንም ከውስጥ ዘግተው ያፍስሱት። ተሰክቶ የቀረ ጎማ የያዘው ውሃ ረግቶ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ይሰነጥቃል፣ የሚታወቀውም በፀደይ ቤዝመንት ሲጥለቀለቅ ነው።

ከኤፕሪል እስከ ጁላይ

በፀደይ የሚሠራው ጥቂት ነው፣ ከባዱም መታገሥ ነው። እርጥብ መሬት ላይ መሄድና መጫር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ እምብርቱንም ይነቅለዋል። እግርዎ ሲረግጥ ውሃ የማይወጣበት ቀን ይጠብቁ። ክራብግራስ ያስቸገረው ሰው ሳይበቅል የሚያስቀረውን መድኃኒት የሚያደርገው አፈሩ 55 ዲግሪ ፋራናይት ሊደርስ ሲል ነው፤ በመንትዮቹ ከተሞች ይህ በአብዛኛው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ልብ ይበሉ፣ ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሳሩንም ዘር አያበቅሉም። በአንድ ቅዳሜ ዘርም መድኃኒትም ገዝቶ ሁለቱንም የበተነ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንዱን በሌላው ያጠፋል። ዳንዴላየን የሚባለውን ቢጫ አበባ ሥሩን በመንቀያ ማውጣት ይቻላል፤ መርጨት ግድ ከሆነ ደግሞ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው፣ ምግቡን ወደ ሥሩ ሲያወርድ መድኃኒቱን አብሮ ያወርደዋልና።

አጨዳ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማሳጠር ነው። ደጋግሞ ላለማጨድ ብሎ ጠጉር እንደሚላጭ ከሥሩ ያነሣዋል። 3 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የቆመ ሳር አፈሩን ያጠላል፣ የክራብግራስ ዘር ብርሃን አጥቶ ይቀራል፣ ሥሩም በቁመቱ ልክ ይጠልቃል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሢሶ በላይ አይቆረጥ። ምላጩ ይሳል፤ የደነዘ ምላጭ ሳሩን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ጫፉም በማግሥቱ ይነጣል። የታጨደውን እዚያው ይተዉት፣ በስብሶ ሳሩ ከሚፈልገው ናይትሮጅን ሩቡን ያህል ይመልሳል።

ውሃ በሳምንት አንድ ኢንች፣ ዝናቡን ጨምሮ። አፉ ሰፊ ቆርቆሮ ሳሩ ላይ አስቀምጦ መለካት ይቻላል። ሰዓቱ ንጋት ላይ ነው፤ ብዙ ከተሞችም በቤት ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ ቀን ይመድባሉ። ጁላይ ላይ ሳሩ ቢጫ ከሆነ ግን የሞተ መስሎዎት አይሯሯጡ፣ ብሉግራስ በድርቅ ተኝቶ ሳምንታት ይቆያል። ወይ አዘውትረው ያጠጡት፣ ወይ ይተኛ፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ግማሽ ኢንች ብቻ ሰጥቶ እምብርቱን በሕይወት ማቆየት ይበቃል። አንድ ሳምንት ቀስቅሶ በሚቀጥለው ሳምንት መተው ያስቀመጠውን ስንቅ ያስጨርሰዋል።

ንብ የሚበላበት ሳር

ግቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ሳር ይሁን ያለ የለም። ሚኒሶታ ውስጥ እየተስፋፋ ያለው የንብ ሳር የሚባለው ድብልቅ ፋይን ፌስኪው፣ ነጭ ክሎቨር፣ ሰልፍሂል የተባለ አጭር ሐምራዊ አበባና መሬት ለመሬት የሚሄድ የጦስኝ ዘመድ አለበት። ይታጨዳል፣ ይረገጣል፣ አበባውም ከማጨጃው በታች እያበበ ንብ ይቀልባል። ክሎቨር እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ ማዳበሪያውን ያቀልላል። የስቴቱ ምክር ቤት በ2019 ባቋቋመው ፕሮግራም አማካይነት ለነዋሪዎች ከወጪው ከፊሉን የሚመልስ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማመልከቻ በየዓመቱ ይከፈታል። በ2023 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ባለቤቱ የሚንከባከበው የተፈጥሮ ተክል ያለበትን ግቢ፣ ተክሉ ከ8 ኢንች ቢረዝምም፣ ከተሞች እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። ይህ ሕግ ግን ሳይታጨድ የተተወ ተራ ሳርን አይሸፍንም፤ ሰነፍ መጠለያ አያገኝበትም።

አዘራሩ ከላይ እንደተባለው ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ ወይም ኖቬምበር ላይ። ለዳንዴላየን የሚረጨው መድኃኒት ክሎቨሩንም ሰልፍሂሉንም ስለሚገድል፣ የንብ ሳር የዘራ ሰው አረሙን በእጁ ይነቅላል።